ልጓም የለሽ ምላስ፣ ገመድ የለሽ መብራት

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ሁሉን አወቅ ዛሬም መጥቷል። ትናንት የዶላሩን ዋጋ ነገረን፤ ከትናንት ወዲያ የዝናቡን ቀን ነገረን፤ ዶላሩም ዝናቡም አልሰሙትም፤ እሱ ግን አልደከመውም። የዛሬው ወሬ የኤሌክትሪክ ነው። «ሽቦ ሊቀር ነው። መብራት በአየር ሊመጣ ነው። ፖሉ ሁሉ ተነቅሎ ማገዶ ሊሆን ነው» ይላል። ደጋን ከተማ ቁጭ ብሎ ቀስት ይወረውራል። ደጋኑስ ደጋን ነው፤ ቀስቱ ነው ጫፍ የሌለው።

በል የኔ ሸጋ፣ መጀመሪያ ኪስህን ፈትሽ። «ገመድ አልባ ቻርጀር» ብለህ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደህ የገዛኸውን አውጣው። ባትሪ ባለቀብህ ቁጥር ባቲ ትወርዳለህ፤ ባቲ በወረድህ ቁጥር ብር ያልቅብሃል። እስቲ ገልብጠው። ከጎኑ የተንጠለጠለው ምንድን ነው? ገመድ! የት ነው የሚሰካው? ሶኬት! ታዲያ ገመድ አልባነቱ የቱ ጋ ነው? ውስጡ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ፤ ስልክህ ጀርባ ውስጥም ሌላ ጥቅል አለ። ሁለቱ የሚግባቡት በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ነው። ሁለት ጣት ከፍ ስታደርገው ተኳርፈው ቁጭ ይላሉ። ከጠረጴዛ እስከ ስልክ መዝለል ያቃተው ነገር የጦሳን ተራራ ሊዘልልህ ነው? አብሽር፣ ገና መጀመራችን ነው።

«እሱ የድሮው ነው፤ እኔ የምለው ማይክሮዌቭ ነው» አልክ? ጎሽ! ስሙን ታውቀዋለህ። ሥራውን ግን አታውቅም። ማይክሮዌቭ በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ የሚርገበገብ ሞገድ ነው። እዚህ ሰፈር እሱን የሚወዳደር ካንተ ምላስ በቀር አላየንም። ልዩነቱ፣ ሞገዱ የሚርገበገበው አንድ ነገር ተሸክሞ ነው። ሞገድና ገመድ ደግሞ ፊደላቸው ይቀራረባል። ፊደል ብታማታ ሞገድ ገመድ ይመስላል፤ ፊዚክስ ብታማታ ግን ጨለማ ቤት ታድራለህ።

ወደ ደሴ ስትወጣ ቀና በል። በየተራራው ታወር ላይ የተሰቀሉትን ክብ ዲሾች ታያቸዋለህ? ከተራራ ወደ ተራራ ወሬ የሚቀባበሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ዲሽ ስንት ዋት የሚልክ ይመስልሃል? ሺህ? መቶ? ብዙውን ጊዜ አንድ ዋት እንኳ አይሞላም። በዚያች ጉልበት አሥር ሃያ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ የስንቱን ጥሪ፣ የስንቱን ቪዲዮ፣ ያንተንም ቀደዳ ጭምር ያደርሳል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ በማይክሮዌቭ ግን ይጫናል! ጉልበት ነው የማይጫነው። ስለዚህ ይቺን ያዝልኝ፦ በአንድ ዋት ወሬ ይሠራል፤ ወጥ አይሠራም። አንተ ዋትና ወጥ ተምታቶብህ ድስት ይዘህ ታወር ሥር ቆመሃል።

ሳቃችሁን ያዙልኝ፣ ቁጥር ልቆጥርለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ስልክህን የምታገለግለው የታወሩ አንቴና ደግሞ በተለምዶ 20 ወይም 40 ዋት ታወጣለች። 40ውን እንያዝልህ፤ እንግዳ አክባሪ ነን። ከአንቴናዋ የወጣው ኃይል በሙሉ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ምጣድህ ሥር ቢገባልህ እንኳ፣ አንድ እንጀራ ለማውጣት ወደ 90 የሚጠጉ አንቴናዎች ሥራ ሊያቆሙልህ ነው። የወረዳው ሰው ስልክ ሁሉ «ጥሪ አይቀበልም» ይበል፣ አንተ እንጀራህን ጋግር። እሱም ሊጡ ከቀጠነ ያርርብሃል።

«ምጣዱ ይቅርብኝ፣ ስልኬን ብቻ ይሙላልኝ» አልክ። እሺ፣ ስልክህን እንሙላ። ከታወሩ 100 ሜትር ራቅ ብለህ ቁም። አንቴናዋ ፊቷን ወዳንተ አዙራ 40 ዋቷን በ50 እጥፍ አጠናክራ ትላክልህ። ስልክህም የደረሰውን ሁሉ ሳያባክን ይዋጥ። በስልክህ ጀርባ ስፋት የሚያርፈው የአንድ ሺህኛ ዋት አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ባለ 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪህ በዚህ አያያዝ መቼ ይሞላል? ከ13 ዓመት በኋላ! ዛሬ ስልክ ይዘህ ቆመህ የምታያት ሕፃን አድጋ «ጋሼ፣ ስንት ፐርሰንት ደረሰ?» ትልሃለች።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። 100 ሜትሩ አነሰብኝ ብለህ አንድ ኪሎ ሜትር ብትርቅስ? ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር የሚደርስህ በአሥር እጥፍ ሳይሆን በመቶ እጥፍ ይቀንሳል። አንዲት ማንኪያ ቅቤ አንድ እንጀራ ታወዛለች፤ ያችኑ ማንኪያ ለሠርግ ድንኳን እንጀራ ሁሉ ብትቀባት ማን ቅቤ በላሁ ይላል? ሞገዱም እንዲያ ነው፤ በራቀ ቁጥር ይሳሳል። 13ቱ ዓመት 1,300 ዓመት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በነጃሺ ዘመን ቻርጅ ላይ ያደረግኸው ስልክ ቢሆን ኖሮ ቅድመ አያትህ «ሞላ» ብለው ያነሱልህ ነበር። ደዋይ ግን አይኖራቸውም።

ደግሞ ታወሩን ያየኸው እንደ ባለጸጋ ነው። እሱ ራሱ መብራት ጠባቂ ነው፣ የኔ ጌታ! መብራት ሲሄድ ባትሪ ላይ ይንጠለጠላል፤ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር ያጓራል፤ ናፍጣው ሲያልቅ ካንተ ቀድሞ ዝም ይላል። ከለማኝ ደጅ የሚለምን አንተን አየን። እሱ በሽቦ የሚመጣውን ሊሻማህ ነው እንጂ በአየር ሊሰጥህ አይደለም። አንዳንዴ ሳስበው ታወሩ ካንተ ይሻላል፤ ኃይል ሲያልቅበት ቢያንስ ዝም ይላል።

አሁን ደግሞ ዓይንህን አጥብበህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ መጣህ። «ቴስላ አግኝቶት ነበር፤ ደበቁት» ልትል ነው። አወቅሁብህ! ይቺ ወሬ በርጫ ላይ ካልቀረበች ምርቃናው አይመጣም። ስማ እንግዲህ። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1901 ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ግንብ ማቆም ጀመረ። ቁመቱ 57 ሜትር ያህል ነበር። ገንዘቡን የሰጠው ጄ. ፒ. ሞርጋን የሚባለው ባለባንክ ነው፤ 150 ሺህ ዶላር። ገንዘቡ አለቀ፣ ባለባንኩ ጨምር ሲባል እምቢ አለ፣ ግንቡም ሳያልቅ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1917 ፈረሰ። ማን አፈረሰው? ሰላይ? ምስጢራዊ ማኅበር? የሆቴል ዕዳ! ቴስላ ይኖርበት የነበረው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ያልተከፈለ ሒሳብ ነበረው፤ ቦታውም በዕዳ ሄደ፣ ግንቡም ለቁርጥራጭ ብረት ፈረሰ። ዓለምን ያጨለመው ሴራ የአልጋና የምግብ ደረሰኝ ሆኖ ተገኘ። አንተም ተጠንቀቅ፤ እዚህ ሻይ ቤት ያለብህ ዱቤ ብቻውን አንድ ግንብ ያፈርሳል።

ኧረ ገና ነው! ይኸው ሰውዬ ሰሞኑን ምን ሲል እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «ታወሩ ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ ጨረሰን» ሲል ነበር። ማክሰኞ ታወሩ አንጎላችንን ያበስላል፤ ረቡዕ ታወሩ ስልክ እንኳ አልሞላልኝም ብሎ ይከስሳል። ምረጥ እንጂ! ባትሪ የማይሞላ ጉልበት አንጎል የሚያበስለው፣ አንጎሉ ምን ያህል ትንሽ ቢሆን ነው?

ቁጥሩን ልንገርህ፤ ደግሞ እዚሁ ደጋን ላይ ቆመህ። ከዚያው ከ100 ሜትር ላይ፣ ከዚያችው አንቴና ፊት ለፊት፣ በካሬ ሜትር የሚያርፈው ሞገድ የአንድ ዋት ሃምሳኛ እንኳ አይሞላም። ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው ጣሪያ ለዚህ ዓይነቱ ሞገድ እንደ ርግብግቡ ፍጥነት በካሬ ሜትር እስከ 10 ዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ የምትወርደው ፀሐይ ደግሞ 1,000 ዋት ገደማ ናት። ከታወሩ ከ60,000 እጥፍ በላይ! የዚህች ከተማ ስሟ ደጋ ደጋ ይላል፣ ላቧ ግን ቆላ ቆላ ይላል። አንተ ግን ከታወሩ ሸሽተህ የት ሄድህ? ባዶ ራስህን ፀሐይ ላይ ቆመህ ስለ ጨረር ታስተምራለህ! ከበሰልክም ያበሰለችህ ፀሐይ ናት፤ ያውም ገና አልበሰልክም።

«ማይክሮዌቭ ምድጃስ ሥጋ ያበስል የለ?» አልክ። ያበስላል! 1,000 ዋት ያህል በአንዲት የብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ በሩ ተዘግቶ ነው የሚያበስለው። ታወሩ ሣጥን ነው? አንተስ ሥጋ ነህ? ለነገሩ ምድጃው የመጣውም ከሚያስተውል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል የሬይቲዮን ኩባንያ ሰው የራዳር መሣሪያ አጠገብ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠበት። «ማን ደገመብኝ?» አላለም። «ለምን ቀለጠ?» አለ፤ ምድጃ አወጣ። አንተ ኪስ ቢቀልጥ ኖሮ ደብተራ ፍለጋ ሦስት ወረዳ ትዞር ነበር።

አሁን ሸጋው ጥግ ሲይዝ ጊዜ ተገለበጠ። «እንዲያ ከሆነ ከንቱ ነዋ! ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ ኤሌክትሪካል የሚማረው የአክስቴ ልጅ ሞገድ ሞገድ ሲል የሚውለው ለምኑ ነው? ሶኬት አይጠግን!» ይላል። አይ ያንተ ነገር! ከአሥር ደቂቃ በፊት የዓለም ፖል በሙሉ ይነቀል ስትል ነበር፤ አሁን የአክስትህ ልጅ ደብተር ይቀደድ ትላለህ። መሐል የሚባል ፌርማታ የለህም? ታክሲ ብትሆን ከደሴ ተነስተህ ኮምቦልቻን ሳታይ ገደል ውስጥ ነበርክ።

ኃይል በሞገድ መላክ እውነት ነው፤ ውሸቱ ያንተ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዊሊያም ብራውን የሚባል መሐንዲስ አንዲት ትንሽ ሄሊኮፕተር ያለ ነዳጅ፣ ያለ ባትሪ፣ ከምድር በተላከ ማይክሮዌቭ ብቻ 10 ሰዓት አየር ላይ አቆያት። ከፍታዋ 18 ሜትር ያህል ነው። እንዴት? አንቴና ወሰደ፣ ዳዮድ ጨመረበት፤ ሞገዱን የሚቀበለውና ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሬክቴና ተወለደ። አየህ፣ አንቴናና ዳዮድ «አንተና እኔ» ተባብለው ልጅ ወለዱ። አንተ ግን ጨብጨብ እንዳታደርግ፤ ሄሊኮፕተሯ መንገድ እንዳትስት በገመድ ተይዛ ነበር። ገመድ አልባዋ እንኳ ካለ ገመድ አልበረረችም!

እሱም እዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ፣ ጎልድስቶን በሚባል በረሃ፣ ስፋቱ 26 ሜትር ከሆነ ዲሽ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዋት ተለቀቀ። ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ከ30,000 ዋት በላይ ኤሌክትሪክ ሆኖ ወጣ። ሬክቴናው ላይ ካረፈው ሞገድ ውስጥ 82 ከመቶው ኤሌክትሪክ ሆነ። ስምንት ምጣድ በአንዴ ይጣዳል! «ይኸው አላልኩም?» ብለህ እንዳትነሳ፣ ቁጭ በል። ከተላከው ውስጥ አብዛኛው ሬክቴናውን ስቶ በረሃውን ነው የሞቀው። ስምንት ምጣድ ለመጣድ የመቶ ምጣድ ያህል እሳት ሲለቀቅ ማን ነው ቆጣሪውን የሚከፍለው? አንተ? የሻይ ሒሳብ ሲመጣ ጫማ የምታስረው ሰውዬ?

«ታዲያ ከሰማይ ይምጣ!» አልክ። ይኸም ታስቧል፤ ካንተ በፊት፣ በደህና ጭንቅላት። እ.ኤ.አ. በ1968 ፒተር ግሌዘር የሚባል መሐንዲስ ፀሐይን ህዋ ላይ ሰብስበን በማይክሮዌቭ ወደ ምድር እንላካት አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖቹ ንድፉን አወጡት፤ 5,000 ሜጋ ዋት። አንድ ሕዳሴ ግድብ በለው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የመረቅነው ግድብ 5,150 ነው። ህዋ ላይ የሚሰቀለው አንቴና ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር። መሬት ላይ የሚነጠፈው መቀበያ 10 ኪሎ ሜትር በ13 ኪሎ ሜትር! ጨረር ረጅም መንገድ ሲሄድ መስፋቱ አይቀርም፤ ጠበብ አድርገህ ልላክ ካልክ አንቴናህን ታገዝፋለህ። እስቲ ይህን ምንጣፍ የት እናንጥፈው? ኮምቦልቻ ከነአየር ማረፊያዋ ሥሩ ትገባለች። ካሳ ሲከፈል ያንተ ስም ከዝርዝሩ ላይ አይኖርም፤ አየር ላይ ለሚኖር ሰው ካሳ አይከፈልም።

ደግሞ የሚሠሩትን ሰዎች ትሕትና እይ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ህዋ ላይ ባመጠቁት መሣሪያ በማይክሮዌቭ ኃይል ልከው ኤልኢዲ አበሩ። ዓለም አጨበጨበላቸው። ርቀቱ ስንት ነበር? 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ! አንድ ማስመሪያ። እነሱ ሮኬት አስወንጭፈው አንድ ማስመሪያ ሲያበሩ ተደሰቱ፤ አንተ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ደጋን አበራህ። ሮኬቱን ላንተ ቢሰጡህ ኖሮ ጨረቃ ላይ ጫት ቤት ትከፍት ነበር።

በብርሃንስ? እሱም የሞገዱ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዳርፓ የሚባለው የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም በሌዘር ከ800 ዋት በላይ ወደ 8.6 ኪሎ ሜትር ርቀት ለሠላሳ ሴኮንድ ላከ። በተላከው ኃይል ምን አደረጉ መሰላችሁ? ፈንዲሻ አፈነዱ! የሻይ ቤታችን እትዬ፣ ሰሙልኝ? ይኸን ሁሉ ሊቅና ይኸን ሁሉ ሌዘር ሰብስበው እርስዎ በአንድ ከሰል የሚሠሩትን ሠሩ። ቡናው ብቻ ቀራቸው። ሁሉን አወቅንም ልከንላቸው ቢሆን ወሬውን አይቸገሩም ነበር።

እንግዲህ የአክስትህ ልጅ ከዚህ ሁሉ የትኛው ጋ ነው ያለው? ከሞገዱ ትንሿ ጫፍ ላይ ነው። ከጥቃቅኗ ዋት ጋር ነው ትግሉ። ሬክቴና ውስጥ ያለው ዳዮድ ኩሩ ነው፤ የመጣው ሞገድ ካነሰበት አይነቃነቅም፣ በሩን አይከፍትም። አንቴናውና ዳዮዱ ካልተመጣጠኑ ደግሞ ሞገዱ ደጁ ድረስ መጥቶ ነጥሮ ይመለሳል። ያ ልጅ የአንቴናውን ቅርጽ የሚሥለው፣ መዳቡን በሚሊ ሜትር የሚለካው፣ የገባው እንዳይመለስ ነው። አንተ ላይ ቢለማመድ ይጠቅመው ነበር። እኛ ስንት ዓመት ምክር ላክንልህ፤ አንዱም ሳይገባ ተመለሰ።

«ጥቃቅን ዋት ለምን ይጠቅማል?» በለኛ! ሽቦ ለማይገባበት ቦታ ይጠቅማል። ጆሮው ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና የተተከለለት ሰው አለ፤ ከቆዳው ውጭ ያለው ክፍል ከቆዳው ሥር ላለው ኃይሉንም ድምፁንም ያለ ሽቦ ያቀብለዋል። ሰውዬው ይሰማል። አንተ ደህና ጆሮ ተሸክመህ አልሰማህም። የባንክ ካርድህም አለልህ። ማሽኑ ላይ ጠጋ ስታደርገው ይሠራል፤ ካርዱ ግን ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚወስደው ከማሽኑ ሞገድ ነው። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ሒሳብህ ብር የለውም። በምን እንደተዋደዳችሁ አሁን ገባን።

ወሬ በሞገድ እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ከሰማይ ጠይቅ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 72 ኪሎ ነበር ክብደቷ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆና የእርሻውንና የወንዙን ፎቶ በማይክሮዌቭ ለእንጦጦ ጣቢያ ትልክ ነበር። ፎቶ ላከች እንጂ እሳት አላከችም። አንተ ከእሷ አንድ ኪሎ ሁለት ኪሎ ብትበልጥ እንጂ አታንስም፤ እስከ ዛሬ አንድ ጥርት ያለ ነገር አልላክህልንም።

ወገን አልሠራበትም እንዳትል ደግሞ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ አለልህ። የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ውስጥ ከማይክሮዌቭ አለፍ ብሎ ቴራኸርዝ ከሚባለው ሞገድ ጋር ይታገላል፤ ጨረቃ ላይ ያለውን ውሃ በሞገድ ለይቶ የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ ለመሥራት ነው ልፋቱ። ስሙ ብርሃኑ፣ ሥራው ብርሃን! እሱ በማይታይ ሞገድ የጨረቃን ውሃ ይፈልጋል፤ አንተ በሁለት ዓይንህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የውሃ ጆግ ታጣና «ውሃ የለም እንዴ?» ትላለህ።

«በአየር የሚሄድ ነገር ግን ያስፈራኛል» አልክ በመጨረሻ። አይዞህ፣ ፍርሃትህ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ምኒልክ ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሊያስዘረጉ ሲነሱ «በሽቦ ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው» ያሉ ነበሩ ይባላል። ያኔ ገመዱን ፈሩ። አንተ ገመድ ሲቀር ፈራህ። ሰይጣኑ ሽቦው ውስጥም የለ፣ አየሩም ላይ የለ፤ አንዴ ወዳንተ ጎራ ብሎ ወሬው ሲበዛበት ተሰድዷል።

እንግዲህ ፍርዱን ስማ፣ ጎበዝም ይመስክር። ሽቦው ይቆያል፤ ምጣድህን እሱ ነው የሚያግለው። ሞገዱም ይቆያል፤ ወሬህን እሱ ነው የሚያደርሰው። የአክስትህ ልጅም ደብተሩን ይዞ ይቆያል። ከእንግዲህ አንድ ሰው «በአየር ኃይል ይላካል» ሲልህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ስንት ዋት? ስንት ሜትር? አንቴናው ምን ያህል? ሦስቱን ካልመለሰ፣ ያ ሰው አንተ ነህ።

በል ተነስ፣ ሒሳብ ክፈል። መብራት በአየር አይመጣም፤ ብር ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር በአየር ይሄዳል። ብር በስልክ ሲሄድ ወሬ ነው፤ «ከእከሌ ወደ እከሌ ይህን ያህል» የሚል አጭር ወሬ። ለወሬ ደግሞ ካንተ የተሻለ ማን አለ? አውጣ ስልክህን! ምን? ምን አልክ? «ባትሪ ዘጋብኝ»? ሰማችሁት? አብሽር፣ የኔ ሸጋ! ታወሩ ያውልህ፣ 100 ሜትር ራቅ ብለህ ቁም። 13 ዓመት እንጠብቅሃለን። ሻዩን ግን በጥሬ ብር፣ አሁኑኑ!